የሚዘገይ ሒሳብ፤ የንግድ ሪፖርት ስሌት ስለሚፈጥንበት መንገድ

በንግድ ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚባለው ነገር ዋና ጥቅሙ፣ የሥራው መሪ ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ያለውን ሁኔታ እንዲያውቅ ማድረጉ ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ከውሳኔው በኋላ የሚደርስ ሪፖርት፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ የታሪክ ጽሑፍ እንጂ ሪፖርት ሊባል አይገባውም። ዛሬ ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው ኮምፒዩተር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ቁጥር ሊደምር ይችላል። ሆኖም በየቢሮው ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ስሌቱ ሳያልቅ ያገኘዋል። ይህ ለምን ይሆናል? ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ማሽኑ አርጅቷልና አዲስ ይገዛ» የሚል ነው። ይህ መልስ በአብዛኛው ትክክል አይደለም። ስሌት የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ስለ ደከመ ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ መቶ ሺሕ ጊዜ ስለሚጠየቅ ነው።

«ሥነ ጽሑፍና ታሪክ የሚያጠና ተማሪ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ከኛ ፋኩልቲ ከሚመረቀው ውስጥ ብዙው የሚገባው ወደ ቢሮ ነው፤ በቢሮም ወር በመጣ ቁጥር ሪፖርት ይጠየቃል። ከዚህም ሌላ ፎርሙላ መጻፍ ማለት በቁሙ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ማለት ነው። ዝርክርክ ዓረፍተ ነገር አንባቢን እንደሚያደክም ሁሉ፣ ዝርክርክ ፎርሙላም ማሽንን ያደክማል፤ ልዩነቱ ማሽን አለማጉረምረሙ ብቻ ነው።

የመዘግየት ጉዳት የባከነው ሰዓት ብቻ ይመስለን ይሆናል። ከዚያ የከፋው ጉዳት ግን ሁለተኛው ጥያቄ መቅረቱ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ሽያጫችን ለምን ቀነሰ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በሦስት ሴኮንድ ቢመጣለት «በየትኛው ቅርንጫፍ?» ይላል፤ ቀጥሎም «በየትኛው ዕቃ?»፣ «ከየትኛው ወር ጀምሮ?» እያለ ወደ ነገሩ ሥር ይደርሳል። ሃያ ደቂቃ ካስጠበቀው ግን የመጀመሪያውን መልስ ይዞ የቀረውን በግምት ይሞላዋል። እንግዲህ በግምቱ የሚዘጋው ቅርንጫፍና ከሥራ የሚሰናበተው ሠራተኛ የዚያ የዘገየ ስሌት ዕዳ ከፋዮች ናቸው ማለት ነው።

ለማስረጃ ያህል አንድ የጅምላ ነጋዴ እናስብ። ሽያጩን በኤክሴል ይመዘግባል፤ መዝገቡም 10,000 ረድፍ ደርሷል። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ጎን እስከዚያ ድረስ የተጠራቀመውን ድምር ማየት ይፈልጋል። ጸሐፊው በመጀመሪያው ረድፍ ላይ «ከመጀመሪያው ሴል ጀምረህ እስከዚህ ድረስ ደምር» የሚል ፎርሙላ ይጽፍና ወደ ታች ይጎትተዋል። አሥረኛው ረድፍ 10 ቁጥሮች ይደምራል፤ መቶኛው 100 ይደምራል፤ አሥር ሺሕኛውም እንደ ገና ከአንድ ጀምሮ 10,000 ይደምራል። ማሽኑ በጠቅላላው የሚያነበው ቁጥር ሲቆጠር 50,005,000 ይሆናል። ጸሐፊው በዚህ ፈንታ «ከበላይህ ያለውን ድምር ወስደህ የዚህን ረድፍ ሽያጭ ጨምርበት» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ፣ ለያንዳንዱ ረድፍ አንድ መደመር፣ በጠቅላላው ወደ 10,000 ያህል መደመር ይበቃ ነበር። የሚገኘው ውጤት በሁለቱም መንገድ አንድ ነው።

በወረቀት መዝገብ ሲሠራ የኖረ ሒሳብ ያዥ ይህን ሁለተኛውን መንገድ ማንም ሳያስተምረው ይከተላል፤ በየገጹ ግርጌ ድምሩን ጽፎ ወደሚቀጥለው ገጽ አናት ያዛውረዋል። ድካሙን በራሱ ክንድ ስለሚያውቀው ነው። ድካሙ ለሌላ ሲሆን ግን ሰው ይረሳዋል።

በዚህ ነገር ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም አለ። መዝገቡ በእጥፍ አድጎ 20,000 ረድፍ ሲሆን የመጀመሪያው ፎርሙላ ሥራ በእጥፍ አያድግም፤ ወደ 200,010,000 ይወጣል፤ ይኸውም አራት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ባለንብረቱ ገንዘብ አውጥቶ ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ ማሽን ቢገዛ፣ መዝገቡ 41 ከመቶ ያህል ሲያድግ የግዢው ጥቅም ያልቅና ወደ ነበረበት መዘግየት ይመለሳል። ፎርሙላውን ማረም ግን ወጪው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ሁለተኛው የታወቀ የመዘግየት ምንጭ ፍለጋ ነው። ሽያጩ ላይ የዕቃው ቁጥር ብቻ ተጽፏል፤ ዋጋው የሚገኘው 5,000 ዕቃ ከተዘረዘረበት ሌላ ሠንጠረዥ ነው። ቪሉክአፕ የሚባለው ፎርሙላ «ትክክለኛውን ብቻ» ተብሎ ሲታዘዝ፣ በተለመደው አሠራሩ ከሠንጠረዡ አናት ጀምሮ አንድ በአንድ እያነጻጸረ ይወርዳል። በአማካይ ግማሹን ማለትም 2,500 ዕቃ ያያል፤ ለ10,000 ሽያጭ ይህ 25,000,000 ማነጻጸር ነው። ሠንጠረዡ በዕቃ ቁጥር ተራ ተደርድሮ ቢሆንና ፎርሙላው በተራው እንዲጠቀም ቢታዘዝ ግን መሐሉን ገልጦ «ከዚህ በላይ ነው ወይስ በታች?» እያለ ግማሽ ግማሹን እየጣለ ይሄዳል። 5,000 ዕቃ በ13 ያህል እርምጃ ያልቃል፤ በጠቅላላውም 130,000 ማነጻጸር ብቻ ይሆናል።

ይህን ዘዴ ሁላችንም መዝገበ ቃላት ስንገልጥ እንሠራበታለን፤ አደጋውንም እዚያው እናገኘዋለን። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት የተደረደረው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ «ቤት» የሚለውን ቃል ፈልጎ መጽሐፉን መሐል ላይ ቢገልጥና «ለ»ን ቢያገኝ፣ በለመደው ተራ «በ» ከ«ለ» በኋላ ስለ ሆነ ወደ ፊት ይገልጣል። ቃሉ ግን ወደ ኋላ፣ ከመጽሐፉ መጀመሪያ አጠገብ ነው። ተማሪውስ ቢያንስ አለማግኘቱን ያውቃል። ኤክሴል ባልተደረደረ ሠንጠረዥ ላይ በተራ እንዲፈልግ ቢታዘዝ የቆመበትን ረድፍ ዋጋ አንሥቶ፣ የተጠየቀው እሱ እንደ ሆነ አድርጎ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ስለዚህ በፍጥነቱ መጠቀም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የዕቃውን ቁጥር ራሱን በዚሁ መንገድ ያስፈልግና፣ የተገኘው ከተፈለገው ጋር አንድ ሲሆን ብቻ ዋጋውን እንዲያመጣ ያዝዘዋል። ፍለጋው ሁለት ጊዜ ቢሆንም 26 እርምጃ ከ2,500 ጋር የሚወዳደር አይደለም።

እዚህ ላይ ለፍትሕ ያህል መጨመር ያለበት፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ባወጣቸው የኤክሴል 365 ዕትሞች ከአንድ ሠንጠረዥ ብዙ ዓምድ ሲፈለግ ፎርሙላው በውስጡ ማውጫ እያበጀ ፍለጋውን እንዲያፋጥን መደረጉ ነው። በየቢሮው ያለው ዕትም ግን ሁልጊዜ አዲሱ አይደለም። በየትኛውም ዕትም ቢሆን፣ የአንድ ዕቃ ዋጋና ወጪ ምድቡም ጭምር ሲያስፈልግ ሦስት ጊዜ ከመፈለግ፣ ዕቃው ስንተኛ ረድፍ ላይ እንዳለ በአንድ ዓምድ አንድ ጊዜ ፈልጎ ሦስቱን በዚያ ቁጥር ማምጣት የተሻለ ነው። ለዚህ የሚያገለግሉት ማችና ኢንዴክስ የሚባሉት ፎርሙላዎች ናቸው።

ፍለጋው በደንበኛ ስም ሲሆን የኛ ፊደል የራሱን ችግር ያመጣል። «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ» እና «ሀይሉ» ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ ለማሽን ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። «ገብረ ሥላሴ» ተነጣጥሎና ተጋጥሞ፣ በንጉሡ «ሠ»ና በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ አራት ደንበኛ ይወጣዋል። አንዳንዱ ሰው ይህን ለማስተካከል ፊደሎቹን ሁሉ ወደ አንድ መልክ የሚለውጥ ረጅም ፎርሙላ ጽፎ በፍለጋው ውስጥ ያስገባዋል። ውጤቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሪፖርቱ በተከፈተ ቁጥር የአሥር ሺሕ ስም ሆሄ ሲታረም ይውላል። ሆሄው መታረም ያለበት ስሙ በተመዘገበበት ዕለት አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደንበኛው ቁጥር ተሰጥቶት በቁጥሩ ቢታወቅ ፍለጋውም ይፈጥናል፣ ስሕተቱም ይቀራል።

ስለ ኤክሴል አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልለፍ። ቱደይ፣ ናው፣ ኦፍሴት፣ ኢንዳይሬክት የተባሉት ፎርሙላዎች በመዝገቡ የትኛውም ቦታ አንድ ቁጥር በተለወጠ ቁጥር፣ ነገሩ ባይመለከታቸውም እንኳ፣ እንደ ገና ይሰላሉ፤ በነሱ ላይ የተመሠረተው ሁሉ አብሮ ይሰላል። የዛሬን ቀን በአንድ ሴል ብቻ ጽፎ ሌላው ሁሉ ከዚያ እንዲያነብ ማድረግ ሲቻል፣ በእያንዳንዱ ረድፍ «ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል? ይህን የሰለቸ ሰው ስሌቱ በትእዛዝ ብቻ እንዲሠራ አድርጎ ይገላገላል። በኔ አስተያየት ይህ ከመዘግየቱ የባሰ ነው፤ የትናንቱ ቁጥር የዛሬ መስሎ በገጹ ላይ ተቀምጦ ይቆያልና።

የአንድ የኤክሴል ገጽ ወሰን 1,048,576 ረድፍ ነው። ከዚያ ያለፈ መዝገብ ያለው ድርጅት ወደ ሌላ መሣሪያ ይሄዳል፤ ዛሬ በብዙ ቦታ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕዝብ የወጣው ፓወር ቢአይ ነው። የፎርሙላው ቋንቋ ዳክስ ይባላል። በውስጡ ስሌት የሚሠሩ ሁለት ክፍሎች አሉ። አንደኛው መጋዘን ውስጥ እንዳሉ ብዙ ሠራተኞች ነው፤ መደመር፣ መቁጠር፣ ማጣራት የመሳሰለውን ቀላል ሥራ በአንድ ጊዜ ተከፋፍለው ይሠራሉ። ሁለተኛው እንደ አንድ ብልህ ሒሳብ ሹም ነው፤ ማንኛውንም የተወሳሰበ ስሌት ያውቃል፣ ግን ብቻውን ነው። ፎርሙላው ከባድ ሥራውን ለመጋዘኑ ሰዎች ሰጥቶ ለሹሙ ጥቂት ድምሮችን ብቻ ቢያቀርብለት ሪፖርቱ ወዲያው ይመጣል። ሹሙ ሚሊዮን ረድፍ አንድ በአንድ እንዲያገላብጥ ቢገደድ ግን የመጋዘኑ ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቁታል። ስለዚህ አንድ ከተማ ብቻ ለማጣራት ሙሉውን የሽያጭ ሠንጠረዥ ለማጣሪያ ማቅረብ ሳይሆን፣ የከተማውን ዓምድ ብቻ ማጣራት ያስፈልጋል።

በዚሁ ቋንቋ የተለመደው ሌላው ስሕተት የዕድገት ስሌት ነው። «የዘንድሮ ሲቀነስ የአምና፣ ሲካፈል ለአምና» ተብሎ ሲጻፍ የአምናው ሽያጭ ሁለት ጊዜ ተጠርቷል። የአምናውን አንድ ጊዜ አስልቶ ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ትእዛዙም ቫር ይባላል። ፎርሙላውም ለአንባቢ ይቀላል፤ ይህ ለኔ ከፍጥነቱ የማያንስ ጥቅም ነው።

ፓወር ቢአይ መዝገብን የሚያስቀምጠው በረድፍ ሳይሆን በዓምድ ነው። በእያንዳንዱ ዓምድ ውስጥ የሚገኙትን የተለያዩ ዋጋዎች በአንድ ዝርዝር ይይዝና በየረድፉ ቁጥራቸውን ብቻ ይጽፋል። ስለዚህ አንድን ዓምድ የሚያከብደው የረድፉ ብዛት ብቻ ሳይሆን የዋጋዎቹ ልዩ ልዩነት ነው። ቀንና ሰዓትን እስከ ሴኮንድ ድረስ በአንድ ዓምድ ብንጽፍ በአንድ ዓመት ውስጥ 31,536,000 የተለያየ ዋጋ ሊኖር ይችላል። ቀኑን በአንድ ዓምድ፣ ሰዓቱን በሌላ ብንለያቸው ግን የመጀመሪያው ከ365፣ ሁለተኛው ከ86,400 አይበልጥም። ነጋዴው የሽያጩን ሴኮንድ ለማወቅ ካልፈለገ ደግሞ፣ እንደማይፈልግም አምናለሁ፣ የሰዓቱን ዓምድ ጨርሶ መተው ነው።

የቀን ነገር ከተነሣ ዘንድ በአገራችን ሪፖርት አዘጋጅ ላይ ብቻ የሚደርሰውን ችግር ማንሣት ይገባል። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ሰኔ 30 ነው። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንንና መስከረምን ይይዛል። ኮምፒዩተሩ ቀኑን የሚያስቀምጠው ግን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው፤ የተለመዱት የ«አምና በዚህ ወር» ፎርሙላዎችም የተሠሩት ለዚያው አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ጸሐፊው እያንዳንዱን ሽያጭ ወደኛ ቀን የሚቀይር ፎርሙላ ይጽፋል፤ መስከረም 1 አንዳንድ ዓመት ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንድ ዓመት 12 ስለሚውል ፎርሙላው በ«ይህ ከሆነ፣ ያ ካልሆነ» የተሞላ ነው። የአሥር ዓመት ሽያጭ 1,000,000 ረድፍ ቢሆን ያ ሁሉ ጥንቅር ሚሊዮን ጊዜ ይሰላል።

በአሥር ዓመት ውስጥ ያሉት ቀኖች ግን ስንት ናቸው? ከ3,653 አይበልጡም። ለነዚህ ብቻ አንድ የቀን ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ፣ ከእያንዳንዱ የጎርጎርዮስ ቀን ጎን የኛን ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ በጀት ዓመትና ሩብ ዓመት ጽፎ፣ የሽያጩን ሠንጠረዥ ከሱ ጋር ማገናኘት ይበቃል። ሥራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያበቃል፤ ሚሊዮኑ ረድፍ ከዚያ ያነባል። ለንጽጽርም የሚጠቅም አንድ ዓምድ ልጨምር፦ ዓመቱን በ13 አባዝቶ የወሩን ቁጥር መደመር። እንዲህ ሲደረግ ወሮች ሁሉ ሳይቋረጡ ተከታታይ ቁጥር ያገኛሉ፤ የአምናው ተመሳሳይ ወር ሁልጊዜ 13 ቁጥር ወደ ኋላ ነው። በጳጉሜን ምክንያት የሚያስቸግረን አሥራ ሦስተኛው ወር እዚህ ላይ አንዳች ችግር አይፈጥርም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በጭፍን የሚደረግ አይደለም፤ አስቀድሞ መለካት አለበት። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒዩተር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1967 ያስረዳው ነገር በስሙ የአምዳል ሕግ ይባላል፤ ይኸውም ከሥራው አንዱን ክፍል ብቻ ማፋጠን የሚያስገኘው ጥቅም ያ ክፍል ከጠቅላላው ጊዜ በያዘው ድርሻ የተወሰነ ነው የሚል ነው። ሪፖርቱ 60 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ ከዚህም ውስጥ 45ቱ መረጃውን ከሩቅ ሰርቨር ለማምጣት፣ 12ቱ ለፎርሙላ፣ 3ቱ ሥዕሉን ለማሳየት ቢሆኑ፣ ፎርሙላውን ወደ ዜሮ ያወረደ ሊቅ እንኳ ከ48 ሴኮንድ በታች አይደርስም። በፓወር ቢአይ ውስጥ ፐርፎርማንስ አናላይዘር የሚባል መሣሪያ አለ፤ በገጹ ላይ ያለው እያንዳንዱ ሥዕል ስንት ሚሊ ሴኮንድ እንደ ወሰደ፣ ከዚያም ውስጥ ስንቱ ለስሌት ስንቱ ለማሳየት እንደ ሆነ ለይቶ ይናገራል። ሲለኩ ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ ማሽኑ የቅርቡን መልስ ስለሚያስታውስ ሁለተኛው ሙከራ ያለ ምንም ማሻሻያ ሊፈጥን ይችላል። የሚታመነው ልኬት ማስታወሻው ከተጠረገ በኋላ የተወሰደው ነው።

የመጨረሻው መንገድ አስቀድሞ ደምሮ ማስቀመጥ ነው። ሚሊዮን ሽያጭ በቀን፣ በቅርንጫፍና በዕቃ ተደምሮ በሌሊት ቢቀመጥ፣ ጠዋት የሚቀርበው ጥያቄ ጥቂት ሺሕ ረድፍ ብቻ ያነባል። ከዘዴዎቹ ሁሉ ፍጥነት የሚሰጠው ይህ ነው፤ ሐሰት ቁጥር በማምረትም የሚያክለው የለም። አንድ ቅርንጫፍ 100 ዕቃ በአማካይ በ50 ብር ሸጠ፤ ሌላው 900 ዕቃ በአማካይ በ40 ብር ሸጠ እንበል። አማካዮቹን ብቻ ያስቀመጠ ሰው የሁለቱን አማካይ 45 ብር ይላል። እውነተኛው ግን 41,000 ብር ለ1,000 ዕቃ ተካፍሎ 41 ብር ነው። ስለዚህ መቀመጥ ያለበት አማካዩ ሳይሆን ድምሩና ብዛቱ ነው፤ ማካፈሉ ሪፖርቱ በሚጠየቅበት ጊዜ ይደረጋል። የደንበኞች ቁጥርም እንዲሁ ነው። በመስከረም 300 ደንበኛ፣ በጥቅምት 300 ደንበኛ ገዝተው ከሆነ፣ በሁለቱ ወር የገዙት 600 ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁሉም ያው ሰዎች ከሆኑ ደግሞ 300 ናቸው። ከሁለቱ ድምሮች ይህን ለይቶ ማወቅ ከቶ አይቻልም፤ የደንበኞቹ ዝርዝር ራሱ መኖር አለበት።

ድምሩ ከተቀመጠ በኋላ ዕቃ ሊመለስ፣ ደረሰኝ ሊሰረዝ ይችላል፤ ዋናው መዝገብ ሲታረም የተቀመጠው ድምር በራሱ አይታረምም። ስለዚህ በሪፖርቱ አናት ላይ ስሌቱ የተሠራበት ቀንና ሰዓት መጻፍ አለበት። ፎርሙላውን ያሻሻለ ሰውም አሮጌውን ዘገምተኛ ፎርሙላ ወዲያው አይጣለው። አንድ ወር ብቻ መርጦ፣ ቢቻል የተመለሰ ዕቃ ያለበትንና ጳጉሜን የምትገኝበትን፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስላና እስከ ሳንቲሙ ያስተያያቸው። ልዩነት ከተገኘ፣ የአንድ ሳንቲምም ቢሆን፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ መቅረብ ያለበት የዘገየው ነው።